ቤተ መጻሕፍት ወይስ የኪራይ ቤት?



ሰሞኑን በግቢያችን አንድ ወሬ ይናፈሳል። የቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያዎች ተነሥተው በቦታቸው ኮምፒዩተር ሊደረደር ነው፤ መጻሕፍቱም ወደ መጋዘን ሊወርዱ ነው ይባላል። «ለምን?» ብሎ ለጠየቀ የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «ዘመኑ የዲጂታል ነው።» ተማሪውም ወዲያው ከሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «እሰይ፤ ከአቧራው ተገላገልን» ይላል። ሌላው ወገን የወረቀቱ ሽታ ከአሁኑ ናፍቆት ያለቅሳል። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ዕቃው መልክ ነው፤ ስለ ዕቃው ባለቤት የጠየቀ የለም። እንግዲህ እኔ ልጠይቅ፤ በኮምፒዩተሩ የምናነበው መጽሐፍ የማን ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን መራራ ነው። ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ሲገዛ ዋጋውን ከፍሎ፣ ማኅተሙን መትቶ፣ ቍጥር ሰጥቶ ያኖረዋል። ከዚያ ወዲያ አሳታሚው ቢከስር፣ ቢቈጣ ወይም ዋጋ ቢቈልል መጽሐፉ ከመደርደሪያው አይነቃነቅም። ዛሬ በአብዛኛው የሚፈረመው ግን የግዢ ውል አይደለም፤ የኪራይ ውል ነው። ኪራዩ በየዓመቱ ይከፈላል። ክፍያው የቆመ ዕለት በሩ ይዘጋል። በውሉ ላይ ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር፣ ትናንት የተከፈለበት መጽሔት እንኳ ከዛሬው ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ዐሥር ዓመት ሙሉ ከፍለን ባዶ እጃችንን ልንወጣ እንችላለን ማለት ነው።

«ይህ የፈሪ ሥጋት ነው» የሚለኝ ቢኖር የሆነውን ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ገዝተው ኪንድል በሚባለው ማንበቢያቸው ያኖሩ ሰዎች ሳያውቁት መጽሐፉን ሰረዘባቸው። ምክንያቱ መጽሐፉን ያቀረበው ሻጭ የማሳተም መብት አልነበረውም የሚል ነው። ገንዘባቸውን መለሰላቸው፤ ኋላም ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን መጽሐፉን እያነበበ ማስታወሻ ሲጽፍ የቆየ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ድካሙ ከንቱ ሆኖበት ክስ መሠረተ። የወረቀት መጽሐፍ የሸጠ ነጋዴ ሌሊት ቤታችን ገብቶ ቢወስደው ሌባ እንለዋለን። በኮምፒዩተር ሲሆን ግን «የአገልግሎት ደንብ» ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ዊሊ የተባለው አሳታሚ፣ ዩኒቨርሲቲዎች በኪራይ ይጠቀሙበት ከነበረው ከፕሮኩዌስት ስብስብ ከ1300 በላይ መጻሕፍት አወጣ። ጊዜው የትምህርት ዓመት መጀመሪያ ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ ለጥቂት ወራት ብቻ መለሳቸው። ልብ እንበል፤ ይህ የደረሰው ገንዘብ ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ነው።

«እኛ ድኆች ነን፤ ለድኃ በነፃ ይሰጣል» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ዝግጅት የድኃ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች፣ የኛም አገር ጭምር፣ ብዙ መጽሔት በነፃ ያነባሉ። ለሰጪዎቹ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ምጽዋት መብት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 አሳታሚዎች የዚሁ ዝግጅት ክፍል በሆነው በሂናሪ በኩል ለባንግላዴሽ ይሰጡ ከነበሩት መጽሔቶች ከ2500 በላይ የሚሆኑትን ዘጉ። የባንግላዴሽ ሐኪም በአንድ ሌሊት ሀብታም አልሆነም፤ አሳታሚዎቹ ግን እዚያ ገበያ ታይቷቸው ነበር። የዓለም የሕክምና መጽሔቶች ከጮኹ በኋላ ነው የተዘጋው የተከፈተው። ዛሬ የተሰጠን ነገ ቢነሣ እኛ ማንን እንከሳለን? አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ዘርፈው ከወሰዱት ውስጥ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ ያሉት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ይህ ቤተ መጻሕፍት ካሉት የኢትዮጵያ ብራናዎች ጥቂቶቹን ፎቶግራፍ አንሥቶ በኢንተርኔት ሲለቅ፣ ከመካከላችን «እነሆ ተመለሱልን» ብለው የተደሰቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የኮምፒዩተር ወንበዴዎች ያን ቤተ መጻሕፍት ሰበሩ፤ የብራናዎቹም ምስል ለብዙ ወራት ከኢንተርኔት ጠፋ። ብራናው ለንደን፣ ምስሉም ለንደን። ታዲያ የተመለሰልን ምኑ ነበር?

በሩ የሚዘጋውም በባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር። በትግራይ ደግሞ ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር መስመሩ ተቈርጦ ዝምታው ከዓመት በላይ ዘለቀ። በዚያን ጊዜ «ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለው ቃል ለመቀሌ ተማሪ ምን ትርጉም ነበረው?

መድኃኒቱን ከሩቅ አንፈልግ። መጽሐፈ ሄኖክ በአራማይክና በግሪክ ቍርጥራጩ ብቻ ሲቀር ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ነው። የተረፈውም ጸሐፊዎቻችን ከየደብሩ እየተዋሱ በብራና ሲቀዱት ስለ ኖሩ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ሲቃጠሉ፣ በሌላ ገዳም ቅጂ የነበረው መጽሐፍ ተረፈ፤ አንድ ብቻ የነበረው አመድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም ይህንኑ ጥበብ በአዲስ መሣሪያ ሠራበት። ከ9000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ፤ ፊልሙ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኒሶታ ሲሄድ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ እንዲቀር ተደረገ። መሣሪያው የውጭ ነበር፤ ቅጂው ግን በእጃችን ቀረ። እኔ የምቃወመው መሣሪያውን አይደለም፤ ቅጂ የማያስቀረውን ውል ነው።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን የኪራዩ ዕቃ ሳይሆን የገዛ ዕቃችን ነው። ባለፈው ወር ለመመረቂያ ጽሑፌ ብዬ ከኛ በፊት የተመረቀ ተማሪ ስለ አፈር መሸርሸር የጻፈውን ፈለግሁ። በኮምፒዩተሩ ርእሱ አለ፤ ሲከፍቱት «አልተገኘም» ይላል። ወረቀቱን ብጠይቅ «መጋዘን ነው» ተባልሁ። ቀጥዬ አንድ መምህራችን በዚሁ በአገራችን አፈር ላይ የጻፉትን ጽሑፍ በአንድ የውጭ መጽሔት አገኘሁ፤ ለማንበብ ከ30 ዶላር በላይ ክፈል ተባልሁ። ገበሬው ማሳውን ለምርምር ፈቀደ፤ ግብር ከፋዩ ደመወዝ ከፈለ፤ መምህሩ ደከሙ። ፍሬው ግን ባሕር ማዶ ተሻግሮ በውጭ ምንዛሪ ተመልሶ ይሸጥልናል። ቡናችንን ጥሬውን ሸጠን ቈልተው ሲሸጡልን እናማርራለን፤ ዕውቀታችንን ግን ቈልተን በነፃ አስረክበን እንገዛዋለን!

እ.ኤ.አ. በ2019 የዚያን ጊዜው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር በየዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ገብቶ ለሁሉ ክፍት እንዲሆን የሚያዝ ፖሊሲ አውጥቷል። ፖሊሲው አለ፤ ሥራው የት አለ?

አለቆችንና መምህራንን ብቻ ወቅሼ ባበቃ ግን አድላዊ እሆናለሁ። እኛስ? ከመካከላችን ስንቱ ነው ከመጀመሪያ ዓመት ወዲህ የመጽሐፍ ዝርዝር የፈተሸ? መጽሐፋችን ማን እንደ ለጠፈው ከማይታወቅ የቴሌግራም ገጽ ይወርዳል፤ ስንት ገጹ እንደ ጐደለ እንኳ አናይም። ጽሑፋችንን ለቻትጂፒቲ እንሰጣለን፤ እርሱም አንዳንድ ጊዜ ከቶ ያልተጻፈ መጽሐፍ ከነደራሲው ጠርቶ ያቀርብልናል። ሐሰቱን ከእውነቱ ለመለየት መጽሐፉ ያለበት ቦታ መሄድ ያስፈልጋል። ያ ቦታ ባዶ ከሆነስ?

«ድኃ ምን ይደራደራል?» አትበሉኝ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ከትልቁ አሳታሚ ከኤልሰቪየር ጋር የነበረውን ውል «አሻፈረኝ» ብሎ አቋረጠ፤ እስከ 2021 ድረስም ጸና። የጸናው በሀብቱ ብቻ አይደለም። ቀድሞ በተፈራረመው ውል ላይ የከፈለበትን የቀድሞ ዓመታት ጽሑፍ አብዛኛውን ለዘለቄታው የማንበብ መብት አስጽፎ ስለ ነበር ጭምር ነው። ይህን መስመር ማስጻፍ ከገንዘብ ይልቅ ንቃት ይጠይቃል።

ስለዚህ ኅብረታችን የሚከተለውን እንዲጠይቅ አሳስባለሁ።

1ኛ፤ የሚነሡት መጻሕፍት ዝርዝር በአደባባይ ይለጠፍ። ዲጂታል ቅጂው በግቢያችን ሳይቀመጥ አንድም መጽሐፍ ወደ መጋዘን አይውረድ።

2ኛ፤ ዩኒቨርሲቲው ከአሳታሚዎች ጋር የሚዋዋለው ውል ለመምህራንና ለተማሪዎች ተወካዮች ይታይ። የተከፈለበትን ለዘለቄታው የማስቀረት መብት የሌለበት ውል አይፈረም።

3ኛ፤ በዚህ ግቢ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ስካን ተደርጎ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም በግቢው መስመር በሚነበብ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ዩኒቨርሲቲ ይኑር።

4ኛ፤ ብዙ አሳታሚዎች ደራሲው ያስረከበውን የመጨረሻ ረቂቅ በዩኒቨርሲቲው ማከማቻ እንዲያኖር ይፈቅዳሉ። መምህራኖቻችን ይህን ይስጡን፤ የምንለምነው ሌላ አይደለም።

5ኛ፤ የስካኑን ሥራ እኛ ተማሪዎች በእረፍት ጊዜያችን እንሥራ። ጠያቂ ብቻ ሆነን አንቅር።

መደርደሪያው ገና አልተነሣም፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና ነገሩ ዛሬ እንነጋገር። ይህች ጋዜጣ በማባዣ መኪና ታትማ በየእጃችሁ ገብታለች። ቀለሟ የደበዘዘ፣ ወረቀቷም ሻካራ ነው። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ከየመኝታ ክፍላችሁ ገብቶ ሊሰርዛት የሚችል ኩባንያ የለም። ከቤተ መጻሕፍታችንም የምንጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም።

ከአንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ