አቤቱታ፦ በዕርቅ ዕዳ የተያዘ ቤታችን ያለ ፍርድ ስሙ እንዳይዛወር ስለመጠየቅ

ለከተማችን አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ክቡር ከንቲባ፣

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ማመልከቻ ጋር የተያያዘው እኅትማማቾችና ወንድማማቾች፣ ከእናታችን ጋር ሆነን፣ የደረሰብንን በደል በታላቅ አክብሮት እናመለክታለን። ዕዳ አለብን፤ አንክድም። የምንለምነው ማንም ያልፈረደበት ቤታችን በቢሮ ጽሕፈት ብቻ እንዳይወሰድብን ነው።

አባታችን ካረፉ በኋላ በአባት ከምንገናኘው ታላቅ ወንድማችን ጋር በውርስ ቤቱ ተካሰስን። ክሱ እልባት ሳያገኝ ሽማግሌዎች ገብተው በጥር 2011 ዓ.ም. አስታረቁን። ቤቱ ለእናታችንና ለእኛ እንዲቀር፣ ለእርሱ ድርሻ 900,000 ብር በሦስት ዓመት ከፍለን እንድንጨርስ፣ ለገንዘቡም ቤቱ መያዣ እንዲሆን ተስማማን። መያዣው በየካቲት ወር በይዞታ መዝገብ ላይ ሰፈረ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በተዋዋዮች መካከል ዕርቅን ይግባኝ እንደማይባልበት ፍርድ ይቆጥረዋልና ዕርቁን ልናፈርስ አንሻም።

እስከ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ድረስ 640,000 ብር በባንክ ሒሳቡ አስገብተናል፤ ደረሰኞቹ ተያይዘዋል። ከዚያ በኋላ እናታችን ታመው፣ ሥራም ተቀዛቅዞብን ቀሪው 260,000 ብር ጊዜው አለፈ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ገንዘቡን አሟልተን ስንሄድ ወንድማችን አልቀበልም አለ። የያዘው በውሉ ውስጥ ያለውን፣ በጊዜው ካልተከፈለ ቤቱ የባለገንዘቡ ይሆናል የሚለውን ቃል ነው። ሽማግሌዎቹን መልሰን ልከን፣ ለዘገየንበት ጊዜ ሕጋዊውን ወለድ በዓመት 9 በመቶ እንጨምራለን አልን። እሺ አላለም። ታላቃችን ነውና ይመለሳል ብለን ዝም አልን።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ግን ባለሙያዎች ቤቱን ሊለኩ መጡ። የይዞታ ጽሕፈት ቤቱ በወንድማችን ማመልከቻ ብቻ ስመ ንብረቱን ወደ እርሱ ለማዛወር ሥራ መጀመሩን ያወቅነው ያን ዕለት ነው። አስቀድሞ አልተጠራንም፤ ደብዳቤም አልደረሰንም። ለምን ብለን ብንጠይቅ «ውሉን ፈርማችኋል» ተባልን። ፍርድ ቤት የእግድ ጥያቄ ለማቅረብ የማኅደሩን ግልባጭ በጥር ብንጠይቅ ማኅደሩ ኃላፊው ዘንድ ነው አሉን። በመጋቢት ኃላፊው ተቀይረው አዲሱ እንደገና እንድናመለክት አዘዙን፤ አመለከትን። ግልባጩ ዛሬም አልተሰጠንም።

ክቡር ከንቲባ፣ ሕጉን ለእርስዎ ልንነግር አንደፍርም፤ የተበደልነው እዚህ ላይ ስለሆነ ብቻ እንጠቅሰዋለን። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3060 ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ባለገንዘቡ የተያዘውን ቤት እንዲወስድ ወይም ሕጉ ያዘዘውን ሥርዓት ሳይፈጽም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነት ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። የመክፈያው ጊዜ ከደረሰ በኋላ ቤቱን ለማስተላለፍ የፈረምነው ሌላ ውል የለም። አንዳንድ ሠራተኞች ባንክም እንዲሁ ያደርጋል ብለውናል። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መሸጥ ቢፈቀድላቸውም፣ እነርሱም ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው በሐራጅ ነው የሚሸጡት። ወንድማችን ባንክ አይደለም። ማስጠንቀቂያ አልሰጠንም፤ ሐራጅም አልወጣም። በሐራጅ ቢሸጥ እንኳ 260,000 ብሩና ወለዱ ተከፍሎ የተረፈው ለእኛ ይመለስ ነበር። በተጀመረው መንገድ ግን ቤቱም፣ የከፈልነው 640,000 ብርም አብረው ይሄዳሉ።

ባለሙያዎቹ ቤቱን ሊለኩ ከመጡበት ጊዜ ጀምሮ ጉዳቱ በየወሩ ይደርስብናል። የሰርቪስ ክፍሎቹ ተከራዮች ባለቤቱ ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ብለው ኪራይ አቁመዋል። የእናታችን መድኃኒት የሚገዛው በዚያ ኪራይ ነበር። አሁን ለዕዳው ካስቀመጥነው ላይ እየቀነስን ነው፤ ነገሩ በዘገየ ቁጥር ለመክፈል የምንችለው ገንዘብም ያልቃል። ይህ ለወንድማችንም አይጠቅምም።

ስለዚህ የተጀመረው የስም ዝውውር ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ እንዲቆም፣ የማኅደሩ ሙሉ ግልባጭም በአስቸኳይ እንዲሰጠን በአክብሮት እንለምናለን። ግልባጩ እጃችን በገባ ጊዜ ቀሪውን ገንዘብ በፍርድ ቤት ለማስቀመጥና የሚወሰንብንን ወለድ ለመክፈል ዝግጁ ነን። ዝውውሩን ለማስቆም የእርስዎ አንድ ደብዳቤ ይበቃል። ካርታው በሌላ ስም ከወጣ በኋላ ግን ለመመለስ የብዙ ዓመት ሙግት ያስፈልጋል፤ እናታችን ያን ያህል የሚጠብቁበት ዕድሜ የላቸውም። ክቡርነትዎ ሳይረፍድ እንዲደርሱልን እንማጸናለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አመልካቾች