ማክሰኞ ማን አብሯት ይሄዳል?

ባለፈው ጥቅምት ብዙዎቻችን ሮዝ ቲሸርት ለብሰን ስለ ጡት ካንሰር ፕሮግራም አዘጋጅተናል። መዘምራን ዘመሩ፣ ድራማ ታየ፣ የተፈወሰች እህት መድረክ ላይ ወጥታ መሰከረች። እልል ብለን፣ ፎቶ ተነሥተን ወደየቤታችን ገባን።

እኔም አዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ። ወንበር ስንሰበስብ ከኋላ መደዳ የቀረች አንዲት እህት ጠራችኝ። ሻሿን ወደ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ፣ «ማክሰኞ አራተኛውን ኬሞ እወስዳለሁ፤ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ይገኝ ይሆን?» አለችኝ። «እንጸልይልሻለን» ብያት ወጣሁ። ማክሰኞ ብቻዋን ሄደች።

ክርክሬ ከራሴ ይጀምራል፤ እኛ የምንወድደው ያለቀ ምስክርነት ነው። የዳነውን እንጂ ገና በመታመም ላይ ያለውን መድረካችን አያውቀውም። «ካንሰርን በእምነት አሸነፈች» ብለን ስናጨበጭብ፣ በዚያው በሽታ እናቱን የቀበረው ወንድማችን ምን ይሰማል? እናቱ እምነት አንሷት ነበር ማለታችን ነው? የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን አብረውት በዝምታ ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር፤ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ይህ ልማድ ማስቀየም ብቻ አይደለም፤ ይገድላል። ፈውስ ብቻ በሚነገርበት ቤት መታመም ያሳፍራል፤ የሚያሳፍር ነገር ደግሞ ይደበቃል። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እህት «ምን ይሉኛል» ብላ ወራት ትቆያለች። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ሁለቱም ቶሎ ከተደረሰባቸው የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ብዙዎች ግን ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

«ታዲያ በጌታ መታመን የት ቀረ?» ትሉኝ ይሆናል። ሕዝቅያስ ጸለየ፣ እግዚአብሔርም ሰማው፤ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎቱም መድኃኒቱም በአንድ ቤት ነበሩ። እኔም ስለ ፈውስ እጸልያለሁ። ነገር ግን በሕክምና ላይ ያለችን እህት «መድኃኒቱን ተዪው፣ ተፈውሰሻል» የሚላት ሰው እምነቱን የሚፈትነው በራሱ ሳይሆን በእርሷ ሕይወት ነው።

ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሠረቱት ትንሽ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው። የእነርሱ ታሪክ በፈውስ አላለቀም፤ ሆኖም የሌሎችን ታማሚዎች ሸክም ለመሸከም ተነሡ። እንዲህ ያለውንስ ምስክርነት መድረካችን ላይ የምናወጣው መቼ ነው?

ፕሮግራሙ ይቅር አልልም፤ ሥራ ይውለድ እላለሁ። የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በብዙ ጤና ተቋማት ይሰጣል፤ እናታችሁንና አክስታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መከላከያ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል፤ «መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ በታናናሾቻችሁ ፊት እናንተ አፍርሱት። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ስለነበር ከክፍለ ሀገር ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚንከራተተው ታማሚ ብዙ ነው፤ ዛሬም ማደሪያና ወረፋ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ደም መለገስ ደግሞ ማናችንም ጤነኞች ልናደርገው እንችላለን።

ሽባውን ጣራ ነድለው ያወረዱትን አራት ሰዎች አስቡ። ጌታ እምነታቸውን አየ፤ የታየውም በተሸከሙበት ትከሻ ነው። እንግዲህ ሌላ ጥቅምት ሳይደርስ በየኅብረታችሁ አንድ ወረቀት ለጥፉ። የዝማሬ ተራ ሳይሆን የሐኪም ቤት ቀጠሮ ተራ ይጻፍበት፤ በእያንዳንዱ ማክሰኞ ፊት ለፊትም አብሮ የሚሄድ ሰው ስም ይኑር። በእኛ ኅብረት ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው።