በክብደት የሚሰላ ካሳ

በአሜሪካ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው የቤት ጓዝ የሚያጓጉዝ ድርጅት ላበላሸው ዕቃ የሚከፍለው ካሳ የሚወሰነው ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት በሚፈረም ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ተጨማሪ ክፍያ የለውም፤ አጓጓዡም ለተጎዳው ዕቃ በፓውንድ 60 ሳንቲም ብቻ ይከፍላል። በዚህ ስሌት 50 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን 30 ዶላር፣ አራት ፓውንድ የሚመዝን የብራና ዳዊት ደግሞ 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ያስገኛል። ዳዊቱ ከቅድመ አያት የወረደ መሆኑ ለሚዛኑ ምኑም አይደለም። ይህን ምርጫ «ነፃ ሽፋን» እያሉ ለደንበኛ ማቅረብ ማሳሳት ነው። ኢንሹራንስም አይደለም፤ አጓጓዡ የራሱን ተጠያቂነት የሚገድብበት ውል ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ሙሉ ዋጋን ይሸፍናል። ደንበኛው በጽሑፍ እስካልተወው ድረስ ጭነቱ በዚህ ውል እንደተጫነ ይቆጠራል። አጓጓዡ የተጎዳውን ያስጠግናል፣ ተመሳሳዩን ይተካል፣ ወይም የጥገናውን አለዚያም የመተኪያውን ዋጋ በገንዘብ ይከፍላል። ለሶፋና ለማቀዝቀዣ ይህ በቂ ነው። ምትክ በሌለው ዕቃ ላይ ግን መተካት የሚባለው ነገር ትርጉም ያጣል። የወላጆች የሠርግ አልበም በየትም ሱቅ አይሸጥም፤ እናት በእጇ የጠለፈችው ቀሚስም ገበያ ላይ ከወጣ የሚያወጣው የአሮጌ ልብስ ዋጋ ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ ሊታገልለት የሚገባው የጥገና ወጪ ነው።

ሙሉ ሽፋን የገዛ ሰውም ቢሆን አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ዋጋው በፓውንድ ሲሰላ ከ100 ዶላር በላይ የሚሆን ዕቃ፣ ለምሳሌ የወርቅ ሐብል፣ የብር መስቀል ወይም ጥንታዊ ሥዕል፣ በጭነቱ ሰነድ ላይ ለብቻው ካልተመዘገበ አጓጓዡ ተጠያቂነቱን መገደብ ይችላል።

የአሠራሩ ሥር እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣውና የካርማክ ማሻሻያ በመባል የሚታወቀው የፌዴራል ሕግ ነው። ሕጉ ለባለንብረቱ የማስረዳት ሸክሙን አቅልሎለታል፦ ዕቃው በደህና መጫኑን፣ ተጎድቶ መድረሱንና የጉዳቱን መጠን ካሳየ ይበቃዋል። አጓጓዡ የሚያመልጠው ቸል አለማለቱንና ጉዳቱ ከተፈጥሮ አደጋ፣ ከጠላት ጦር፣ ከመንግሥት እርምጃ፣ ከባለንብረቱ ጥፋት ወይም ከዕቃው ከራሱ ባሕርይ የመነጨ መሆኑን ካስረዳ ነው። የመጨረሻው ምክንያት ለብራና ባለቤቶች አያመችም። ብራና እርጥበት ስቦ የሚጎብጥ ቆዳ በመሆኑ «ድሮም ባሕርይው ነው» ለሚል ተከራካሪ ቀዳዳ አለው።

ያው ሕግ ካሳን በስምምነት መገደብም ፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ1913 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአጓጓዡ በአዳምስ ኤክስፕረስና በክሮኒንገር መካከል የተነሣውን ክርክር ሲያይ፣ ሳይደርስ የቀረው የአልማዝ ቀለበት 137 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ደረሰኙ ግን ከፍ ያለ ዋጋ ካልተመዘገበ ከ50 ዶላር በላይ አይከፈልም ይል ስለነበር፣ ፍርድ ቤቱ ገደቡን አጸናው። በዕቃ መበላሸት ምክንያት ለደረሰ ሐዘን የሚጠየቅ ካሳንም ፍርድ ቤቶች በዚሁ ሕግ ተመሥርተው በአብዛኛው ውድቅ ያደርጋሉ። የኢትዮጵያ ሕግም በዚህ ረገድ ለጋስ አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕሊና ጉዳት ካሳን በግልጽ ለተጠቀሱ ሁኔታዎች ብቻ ፈቅዶ፣ ጣሪያውን 1 ሺህ ብር ላይ አቁሞታል።

የቤት ኢንሹራንስ ክፍተቱን ይሞላል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። የተለመደው ውል እሳትንና ስርቆትን ቢሸፍንም በጉዞ ላይ የደረሰን ስብራት ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። የሚሻለው ዕቃውን በባለሙያ አስገምቶ፣ ዋጋው ቀድሞ ስምምነት የተደረሰበት የተለየ ሽፋን መግዛት ነው። በእጅ ሊያዝ የሚችለውን ደግሞ ከነጭራሹ ለመኪናው አለመስጠት።

ማስረጃው የሚበላሸው በጭነቱ ዕለት ጥድፊያ ነው። የአጓጓዡ ሠራተኛ በየዕቃው አንጻር «የተጫረ»፣ «የተሰበረ» የሚሉ ምልክቶችን በአሕጽሮት ይሞላል፤ ባለቤቱ ሳያነብ ይፈርማል፤ ኋላ ላይ ስብራቱ ቀድሞም ነበረ ይባላል። ካርቶኑን ያሸገው ባለቤቱ ራሱ ከሆነ ክርክሩ ይበልጥ ይከብደዋል፣ ውስጡ ምን እንደነበረና እንዴት እንደታሸገ ያየ የለምና። ቀን ያለበት ፎቶግራፍ እዚህ ላይ ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል።

የካሳ ጥያቄ ዕቃው በደረሰ በ9 ወር ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። አጓጓዡ በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ያሳውቃል፤ በ120 ቀን ውስጥ ይከፍላል፣ ሌላ ሐሳብ ያቀርባል ወይም ይከለክላል። ክርክሩ ከ10 ሺህ ዶላር ካልበለጠና ደንበኛው ከፈለገ አጓጓዡ ወደ ግልግል ዳኝነት የመሄድ ግዴታ አለበት።

ከጥያቄው ጋር አብሮ ሊቀርብ የሚገባው ዋና ሰነድ የዕድሳት ባለሙያ የጻፈው የወጪ ግምት ነው። የቤት ዕቃ ጠጋኝ ስለተቀደደ ብራና ወይም ስለራሰ ፎቶግራፍ የሚሰጠው ግምት አነስተኛ ይሆናል፣ ሥራውም ያንሳል፤ ተራ ሙጫና ፕላስተር ቀሪውን ያጠፋዋል። የአጓጓዡ መርማሪ ሳያየው ባለቤቱም ዕቃውን ሊነካው አይገባም፤ ካርቶኑና ማሸጊያው ሳይቀር እንዳለ ይቆይ። በደንብ ታድሶም ዋጋው የሚቀንስ ከሆነ አንዳንድ የሥነ ጥበብ ኢንሹራንስ ውሎች ልዩነቱን ይከፍላሉ፤ የአጓጓዡ ውል ግን በዚህ አይታማም።

ሙሉ ዋጋ የከፈለ አጓጓዥ ወይም ኢንሹራንስ የተጎዳውን ዕቃ የመውሰድ መብት ብዙ ጊዜ በውሉ ይሰጠዋል። ለተጋጨ ፍሪጅ ይህ ደንታ የሚሰጠው ሰው የለም። የተሰነጠቀ የአያት መስቀል ባለቤት ግን የስምምነቱን ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ዕቃው በእጁ እንዲቀር በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል፤ የስብርባሪው ዋጋ ከካሳው ቢቀነስበትም እንኳ።