ጥፍሬን ለእኔ ተዉልኝ

«ጥፍሯን የተቀባች ሴት ሥራ አትሠራም» ይሉናል። አባባሉ ሲደጋገም ኖሮ እንደ እውነት ተቆጥሯል። እኔ ግን እላለሁ፦ ጥፍሯን በገዛ እጇ የምታስጌጥ ሴት ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ አንዱን ለእንጀራዋ፣ ሌላውን ለራሷ። ብዙዎችን የሚያስቆጣቸውም ይህ ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ክስ «ከውጭ የመጣ ልማድ ነው» የሚል ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ እንሶስላን ከውጭ ያስመጣው ማን ነው? የደጋው እርጥብ መሬት የሚያበቅለውን የዚህን ተክል ሥር ወቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀሉ የነበሩ እናቶቻችን ከየትኛው መጽሔት ቀድተው ነበር? የዕፀዋት ሊቃውንት እንኳ የላቲን ስም ሲያወጡለት «ቲንክቶሪያ»፣ ማለትም «ማቅለሚያ» ብለውታል። በሐረርና በድሬዳዋም ሂና የሙሽራን እጅ ያስውባል። እርግጥ ነው፣ በብልቃጥ የሚሸጠው የዛሬው ቀለም የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፋብሪካ ውጤት ነው፤ ናይትሮሴሉሎስ የተባለው ዋና ንጥረ ነገሩም ለመኪና ቀለም ያገለገለ ነው። ዕቃው አዲስ ነው፤ ፍላጎቱ ግን ጥንታዊ ነው።

ሁለተኛው ክስ «ቅብጠት ነው» ይላል። ከካዛንቺስ አጠገብ፣ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ አፈወርቅ ተክሌ የሠራው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም መስታወት አለ። ጎብኚ ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ያደንቀዋል፤ ይገባዋልም። ታዲያ ቀለም በ150 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ ጥበብ፣ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ሲያርፍ ቅብጠት የሚሆነው በምን ሚዛን ነው? ሁለቱ እኩል ናቸው አላልኩም። ስፋት የጥበብ መለኪያ አይደለም ነው የምለው።

ሦስተኛው ክስ የሥራ ነው። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ ሕመምተኛ የሚነኩ ባለሙያዎች ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳያደርጉ ይመክራል። ሊጥ የምታቦካም ሴት የተላጠ ቀለም ቡሖው ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ አለባት። ይህ የንጽሕና ደንብ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ከወረቀት በቀር ምንም በማልነካበት መሥሪያ ቤት፣ አለቃዬ «ጥፍርሽን አጥፍተሽ ነይ» ሲሉኝ የፋይሉ ጤና አሳስቧቸው አልነበረም። አበባ የተሣለበት ክራባት ያሰረውን ባልደረባዬን ግን ማንም «ፈትተህ ና» አላለውም።

ከወገኖቼም ጋር ሙግት አለኝ። ውበት ሳሎን ገብተው የስልክ ሥዕል እያሳዩ «ልክ እንዲህ አድርጊልኝ» ለሚሉት። የባለሙያዋን እንጀራ አልነካም፤ ሙያዋ ክቡር ነው። ሆኖም በየሳምንቱ የሌላውን ሥዕል ተሸክሞ «ራሴን ገለጽሁ» ማለት አያስኬድም። ራስን መግለጽ ጣጣ አለው፦ ከሱቅ በደረቴ የተገዙ ሁለት ብልቃጦች፣ አንድ ስቲኪኒ፣ ብዙ ትዕግሥት። በስቲኪኒው ጫፍ የነጠላ ጥለት በነጥብ በነጥብ ይሠራል። ቀኝ እጄ ግራውን አሳምሮ ይጨርስና ተራው የግራ ሲሆን ግራ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩ ይጣመማል። ያ የተጣመመ መስመር ግን የእኔ ፊርማ ነው፤ ከየትም አልተቀዳም።

ይህ ሁሉ ክርክር ለጥፍር ነውን? አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች ስሙን የወሰደው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ በየአቅጣጫው ሄደ። በገዛ እጃችን ቀለም የቀባነው በርና መስኮትም አብሮ ፈረሰ። የኪራይ ቤት ግድግዳ ደግሞ የአከራይ ነው፤ ምስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ ይጠየቅበታል። እንግዲህ በዚህች ከተማ ለብዙዎቻችን ያለ አከራይና ያለ ሊዝ የቀረን ይዞታ ይህ ዐሥር ጣት አይደለምን? የእጅ ጥፍር በወር ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ በስድስት ወር ገደማ ገጹ ሁሉ ይታደሳል። አፍራሽ ግብረ ኃይል አያስፈልገውም፤ አሮጌውን ሥዕል እኔው በአሴቶን አነሣዋለሁ፣ አዲሱንም እኔው እመርጣለሁ።

ተቆጪዎች ሆይ፣ ሥራችንን በሥራችን መዝኑ። ጥፍራችንን ግን ለእኛ ተዉልን።