አፈ ቅቤውን መርከበኛ ለሕፃናት አንንፈጋቸው

ለሕፃናት የተጻፈ መጽሐፍ ዋጋው በምን ይመዘናል? በሚለግሰው ምክር? በሚያስገኘው ደስታ? ወይስ ልጁን ከክፉ ወሬ በመጠበቁ? ይህ ክርክር በተነሣ ቁጥር ለምስክርነት ከሚጠሩት መጻሕፍት አንዱ የስኮትላንዳዊው ደራሲ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን «ትሬዠር አይላንድ»፣ የተቀበረው ሀብት ደሴት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 በመጽሐፍ መልክ ከወጣ ወዲህ አንባቢዎች በሦስት ወገን ተሰልፈው ይከራከሩበታል። አንደኛው ወገን ምክር የሌለበት ባዶ ጨዋታ ነው ይላል። ሁለተኛው የልጅነት ትዝታዬ ነውና አትንኩብኝ ይላል። ሦስተኛው የባሕር ወንበዴን ያስወድዳልና ወይ ከልጆች እጅ ይውጣ፣ ወይ ተከርክሞ ይሰጣቸው ይላል። ሦስቱም ስተዋል። የስሕተታቸውን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ በክርክሩ ላይ ድምፅ ያልተሰጠው ሕፃኑ አንባቢ ነው።

ስለ አወላለዱ ጥቂት እንበል። ስቲቨንሰን ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1881 በስኮትላንድ ብሬማር በተባለች መንደር መጻፍ ሲጀምር የዕለቱን ምዕራፍ ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ከአድማጮቹ አንዱ የእንጀራ ልጁ፣ የ13 ዓመቱ ሎይድ ኦዝቦርን ነው። ሌላው የ63 ዓመቱ አባቱ፣ የመብራት ማማዎች መሐንዲስ የነበሩት ቶማስ ስቲቨንሰን ናቸው። ብላቴናው ታሪኩ ውስጥ ሴቶች እንዳይገቡ አዘዘ፤ አረጋዊው ደግሞ በሟቹ መርከበኛ ሣጥን ውስጥ የሚገኘውን ዕቃ ዘርዝረው ጻፉ። እንግዲህ መጽሐፉ ገና ሳያልቅ የልጅና የሽማግሌ አስተያየት የተለዋወጠበት ሥራ ነው። ሆኖም «ያንግ ፎክስ» በተባለ የልጆች መጽሔት ከ1881 እስከ 1882 በተከታታይ ሲወጣ የረባ ትኩረት እንዳላገኘ ደራሲው ራሱ ጽፏል። ስም ያገኘው በመጽሐፍ ከታተመ በኋላ ነው።

ወደ መጀመሪያው ወገን እንመለስ። ምክር የለበትም ለሚለው ሰው፣ ለመሆኑ ጆን ሲልቨርን አግኝተኸዋልን? ብለን እንጠይቀው። በአንድ እግሩና በምርኩዙ የሚንቀሳቀሰው ይህ የመርከብ ወጥ ቤት ደስተኛ፣ ጨዋታ አዋቂና ትጉህ ነው። ተራኪውን ብላቴና ጂም ሆውኪንስን እንደ አባት ያቀርበዋል፤ ጂም ይወድደዋል፤ አንባቢውም አብሮ ይወድደዋል። ከዚያም ጂም በፖም በርሜል ውስጥ እንዳለ የአመፁን ሤራ ከዚያው ከሚወድደው ሰው አፍ ይሰማል። ደሴቲቱም ላይ ሲልቨር አልተባበርም ያለውን መርከበኛ ሲገድል ተደብቆ ያያል።

አበው «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» ብለዋል። ምሳሌያዊው ንግግር አደጋውን ከሩቅ ያመለክታል። ልብ ወለዱ ግን ልጁን ቅቤውን አስቀምሶ፣ ጣፋጭነቱን አሳምኖ፣ ከዚያ በኋላ ጩቤውን ያሳየዋል። በሕይወት ውስጥ አታላይ ቀንድና ጅራት አብቅሎ እንደማይመጣ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የቱ ነው?

ሁለተኛው ወገን ወዳጅ መስሎ የሚጎዳ ነው። ትዝታውን እንደ ታቦት ሸፍኖ መጽሐፉን ከምርመራ ያስጥለዋል። ታላላቆቹ ደራስያን ግን ይህን መጽሐፍ ለክርክር አልሳሱለትም። እ.ኤ.አ. በ1884 ሄንሪ ጄምስ ሥራውን አድንቆ፣ እርሱ ልጅ ሆኖ ቢያውቅም የተቀበረ ሀብት ፍለጋ ግን በሐሳብ ካልሆነ በቀር እንዳልወጣ ገለጸ። ስቲቨንሰን በዚያው ዓመት ሲመልስ፣ ሀብት ፍለጋ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ልጅም ሆኖ አያውቅም የሚል ቁም ነገር አዘል ቀልድ ሰነዘረ። ሁለቱ ስለ ልብ ወለድ ምንነት በአንድ የልጆች መጽሐፍ ላይ ተከራከሩ፤ መጽሐፉም አልተዋረደም። ዛሬ በልጆች መጽሐፍ ላይ ብርቱ ሂስ መጻፍ እንደ ነውር የሚቆጠርበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሦስተኛው ወገን ከሁሉም የከበደ ነገር አለው፤ ስለዚህ በአክብሮት እንመልስለት። ሴቶች ከታሪኩ ጠፍተዋል ይላል፤ እውነት ነው። ጉዞው የሚነሣባት ብሪስቶል በ18ኛው ምዕተ ዓመት በባሪያ ንግድ የበለጸገች ወደብ ስትሆን ልብ ወለዱ ይህን አንሥቶ አይመረምርም፤ ይህም እውነት ነው። ግን ከርካሚው ሲከረክም ምን አብሮ ይሄዳል? ወንበዴዎች እየደረሱ ሳለ ከሟቹ ሣጥን ዕዳዋን ብቻ፣ ሳትጨምር ሳታጎድል ካልቆጠርሁ የምትለው የጂም እናት ትሄዳለች። ሲልቨር ንብረቱን አደራ የሰጣት ጥቁር ሚስቱም ትሄዳለች። ዝምታውን የሚያስተውል መምህር ዝምታውን ያስተምርበታል፤ መቀስ የያዘ ግን የሚያስተምርበትን ነገር ራሱን ያጠፋል።

ከሁሉ በላይ በመቀስ የሚጠፋው አንድ ታላቅ ጥያቄ ነው። በታሪኩ መጨረሻ ገደማ ጂም በወንበዴዎች እጅ ወድቆ፣ ሐኪሙ ሊቭዚ አጥሩን ዘልሎ አብሮት እንዲያመልጥ ይለምነዋል። ብላቴናው ግን እምቢ ይላል፤ አላመልጥም ብሎ ለሲልቨር ቃል ሰጥቷልና። ለነፍሰ ገዳይ የተሰጠ ቃል ቃል ነውን? ደራሲው አይመልስም። ሲልቨርንም በመጨረሻ ስቅላት አይፈርድበትም፤ ከሀብቱ አንድ ከረጢት አንሥቶ እንዲሰወር ይተወዋል። ሀብቱም ቢሆን ደስታ ይዞ አልመጣም፤ ከተሳፈሩት ውስጥ በመርከቧ የተመለሱት አምስት ብቻ ናቸው፤ ጂምም ወደዚያች ደሴት ዳግመኛ አልሄድም ይላል።

ፍርዱን ማን ይስጥ? ምክር ፈላጊው አስቀድሞ ይፈርዳል፤ ትዝተኛው ፍርድ አያስፈልግም ይላል፤ ከርካሚው ጉዳዩን ከችሎት ያወጣዋል። ሦስቱም ልጁን በዳኛ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይፈራሉ። ዛሬ በልጅነቱ እንዲፈርድ ያልተፈቀደለት ሰው ነገ ጣፋጭ አንደበት ያለው ሁሉ ሲመራው ምን ሊያደርግ ነው?

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ መጽሐፉን በሙሉ ስጡ። ልጆቹ አንብበው ሲጨርሱ «ከታሪኩ ምን ተማራችሁ?» የሚለውን የለመደ ጥያቄ አቆዩት። «እናንተ በጂም ቦታ ብትሆኑ አጥሩን ትዘሉ ነበርን?» ብላችሁ ጠይቁና ሲከራከሩ ስሙ።