ቁጣ ከመፈንዳቱ በፊት

ልጆቻችንን ለዩኒቨርሲቲ ስንሸኝ ስንቅና አንሶላ እናሰናዳለን፤ ቁጣን የመግታት ልምድ ግን ብዙ ጊዜ አንሰንቅላቸውም። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የተማሪዎች ሕይወት ማለፉን ወላጆች አይዘነጉትም። የዚያ ግጭት መንሥኤ ብዙ ቢሆንም፣ በችኮላ የተሰጠ ትርጉም ጥቂቱን ነገር እንደሚያባብስ የታወቀ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሬይሞንድ ኖቫኮ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ቁጣን ስለ መቆጣጠር ያቀረቡት ዘዴ በዚሁ ላይ ያተኩራል። ይኸውም ሰውን የሚያስቆጣው የደረሰበት ነገር ብቻ ሳይሆን ለነገሩ የሚሰጠው ትርጉም ጭምር ነው።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ የመኝታ ክፍል ጓደኛው ሰላምታ ቢነፍገው፣ «ናቀኝ» የሚል ሐሳብ በቅጽበት ይመጣበታል፤ ልቡ ይመታል፤ ስድብና ቡጢ ይከተላል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ቢለማመድ ይጠቅመዋል። አንደኛ፣ የሰውነቱን ምልክት ዐውቆ ቀስ ብሎ መተንፈስ፤ ሁለተኛ፣ «ለመናቄ ምን ማስረጃ አለኝ? ምናልባት ፈተና አስጨንቆት ይሆን?» ብሎ ራሱን መጠየቅ፤ ሦስተኛ፣ ቁጣው ሲበርድ ቅሬታውን ያለ ስድብ ፊት ለፊት መናገር።

ይህ ማለት ግን በደልን ችሎ መኖር አይደለም። ዛቻ ወይም ድብደባ የደረሰባት ተማሪ የሚያስፈልጋት ከለላና ፍትሕ እንጂ «ሐሳብሽን መርምሪ» የሚል ምክር አይደለም። ሐሳቡን መመርመር ያለበት እጁን የሚያነሣው ነው።

እናቶችና አባቶችም ልጃቸው ለዕረፍት ሲመጣ «ማን አስቆጣህ?» ከማለት አልፈው «ያን ጊዜ ምን አሰብህ?» ብለው ቢጠይቁት መልካም ነው።