ቀበሌው ያውቃል፣ ትምህርት ቤቱ ያውቃል



ባለፈው ማክሰኞ ማታ በክፍላችን «ወንዝ» የሚለውን ቃል እንጽፍ ነበር። አንዲት እናት እርሳሳቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ወንዙ ድንገት ሲሞላ ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት ማን ያሻግራቸዋል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩን ጠየቅሁ። «እሱን ቀበሌው ያውቃል» አሉኝ። ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ደግሞ፣ «ኧረ ትምህርት ቤቱ ነው የሚያውቀው!» አሉኝ። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው። የሁለቱም ልጆች እዚያው ይማራሉ። ነገር ግን አንዱ በሌላው ላይ ጥሎታል። ወንዙ ደግሞ እስኪስማሙ አይጠብቅም።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በሀብትና በዕውቀት በታወቀችው በጃፓንም ደርሷል። ታሪኩን ልንገራችሁ።

በኢሺኖማኪ ከተማ አስተዳደር ሥር ኦካዋ የሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ከባሕሩ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አጠገቡ ትልቅ ወንዝ አለ፤ ከጀርባው ኮረብታ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ምድር በኃይል ተንቀጠቀጠች። መምህራኑ ልጆቹን ከክፍል አውጥተው በግቢው ሰበሰቧቸው። እስከዚህ ድረስ ደግ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ግን ወዴት ይሂዱ? ወደ ኮረብታው እንውጣ ያሉ ነበሩ። ዛፍ ይወድቅብናል ብለው የፈሩም ነበሩ። እንዲህ ሲባባሉ 50 ደቂቃ ያህል አለፈ። በመጨረሻ በወንዙ ድልድይ አቅጣጫ መንገድ ጀመሩ። ወዲያው ሱናሚ መጣ። ሱናሚ ማለት ከባሕር ሥር ምድር ስትናወጥ የሚነሣ ትልቅ ማዕበል ነው። ማዕበሉ ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ መጥቶ ደረሰባቸው። ከትምህርት ቤቱ 108 ተማሪዎች 74ቱ፣ ከመምህራኑም 10ሩ አለቁ።

ትምህርት ቤቱ ለአደጋ ጊዜ የተጻፈ ዕቅድ አልነበረውም ወይ? ነበረው እኮ! ወረቀቱ ግን «በአቅራቢያ ወዳለ ባዶ ቦታ ወይም መናፈሻ» ብቻ ይል ነበር። የትኛው ባዶ ቦታ? አልተጻፈም። የከተማው አስተዳደር ያወጣው ካርታ ደግሞ ማዕበል እዚያ ድረስ እንደማይመጣ ያሳይ ነበር። ትምህርት ቤቱ ካርታውን አመነ። የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም የትምህርት ቤቱን ወረቀት መርምሮ «ይህ አይበቃም» አላለም።

ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ከሰሱ። በ2010 ዓ.ም. የሰንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ጥፋቱ የዚያች ቀን ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱና የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስቀድመው መዘጋጀት ነበረባቸው አለ። በ2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ ፍርድ አጸና። ካሣም ተወሰነ። ልጅ ግን በካሣ አይመለስም።

«እኛ ባሕር የለንም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ወንዝ አለን፣ ገደልም አለን። በአገራችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተናደ። ሰው ሁሉ የተቀበሩትን ሊያወጣ ሮጠ። ሲቆፍሩ ሳሉ ገደሉ እንደገና ተንዶ የረዱትንም ቀበረ። ከ220 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። ለወገን የሮጠን ማን ይወቅሳል? ለእኛ ለቀረነው ግን ትምህርት ነው። ደግ ልብ ብቻውን አይበቃም፤ አስቀድሞ መመካከር ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ርዕሰ መምህሩ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የወላጅ ኮሚቴውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድ ላይ ይቀመጡ። ሽማግሌዎችም ይጠሩ። ውሃው በክፉ ዓመት የት ድረስ እንደወጣ የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸው። ከዚያም የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦

1. ልጆቹ የሚወጡበት ከፍተኛ ቦታ የት ነው? በስሙ ይጻፍ። «ደኅና ቦታ» ማለት አይበቃም።

2. «እንውጣ» ብሎ የሚያዘው ማን ነው? እሱ ከሌለስ ማን ይተካዋል?

3. ወንዙ ሲሞላ ከላይኛው መንደር ማን ይደውላል? ለማን ይደውላል?

4. ልጆቹን በስም እየጠራ የሚቆጥር ማን ነው? እያንዳንዱን ልጅ ተረክቦ የሚወስደውስ?

5. ውሃው ካልጎደለ ልጆቹ የት ያድራሉ? ምን ይበላሉ?

ወረቀቱ በሦስት ይገልበጥ። አንዱ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ይለጠፍ። አንዱ በቀበሌው፣ አንዱ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ከዚያ ልጆቹ መንገዱን በእግራቸው ይለማመዱት። ወረቀት ብቻውን አያድንም፤ ኦካዋም ወረቀት ነበረው።

ትናንት ርዕሰ መምህሩና ሊቀ መንበሩ በትምህርት ቤቱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጻፉ። ያቺ የጠየቁኝ እናትም ነበሩ። ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቀስ እያሉ አነበቡት። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «እዚህ ጋ ስም የለም እኮ» አሉ። እውነትም ባዶ ነበር። «እንግዲያው የእኔን ልጅ ጻፉ። ቤቱ ከላይ ነው፣ ስልክም አለው» አሉ። ተጻፈ።

አምስተኛው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ሐሙስ እንደገና እንሰበሰባለን።

አንብባችሁ ተወያዩበት፦
ሀ. የኦካዋ ትምህርት ቤት ዕቅድ ምን ጎደለው?
ለ. በእናንተ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት አለ? ከሌለ ማንን ትጠይቃላችሁ?
ሐ. «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በሚቀጥለው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።